እመት እባቢት ለቅሶ ደረሰች

ጆሮ ያለው ይስማ፣ የተኛውንም ቀስቅሱት። ድሮ፣ እንስሳት ዕድር በነበራቸው ዘመን፣ ወንዝ ዳር እመት እባቢት የምትባል እባብ ነበረች። እሷ ስታድግ ቆዳዋ አላድግ አላት። ስለጠበባት ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ዝም ትላለች። ጎረቤቶቿ ይህን ጨዋነት ይሉታል። እንቁራሪት እንደ ገመድ እንጨት ታስርባታለች፤ ዝም። እንሽላሊት ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ዝም።

አንድ ቀን ግን ጭንቅ ሲላት ከእሾህ ጋር ታከከች፣ ታከከች፣ ታከከች፤ ቆዳዋ ወለቀ። እሾሁ ላይ እንደተንጠለጠለ ትታው ወንዙን ተሻገረችና ማዶ ሰነበተች።

ስትመለስ ወንዙ ዳር ድንኳን ተጥሏል። የዕድሩ ዳኛ አያ ኤሊ በር ላይ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት ማን ሞተ ተብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። እመት እባቢትም ወግ አዋቂ ናትና እየጮኸች ገባች፣ አለቀሰች፣ ንፍሮ ቀመሰች። ከዚያ ወደ እንቁራሪት ጠጋ አለች።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«እመት እባቢት ናት። ምን የመሰለች ጎረቤት መሰለችሽ፤ እምቢ የሚባል ነገር ካፏ ወጥቶ አያውቅም።»

«እንዴ፣ እባቢት እኮ እኔ ነኝ።»

እንቁራሪት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እስቲ እንጨቴን ልሰርብሽ።»

«አይሆንም፣ ወገቤን ያመኛል።»

«ሰማችሁ? የኛይቱ ወገብ የሚባል አልነበራትም።»

እንሽላሊት ተነሣ። «እስቲ ጀርባሽ ላይ ጋደም ልበል።»

«ጥፍርህ ይቧጥጠኛል። ከፈለግህ አጠገቤ ተኛ።»

«አጠገቤ ትላለች» አለ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ። «አስመሳይ ናት።»

እመት እባቢት ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ክረምት እየመጣ ነው፤ ዕድር የሌለውን፣ ጎርፍ ሲመጣ ሽሽ ብሎ የሚጠራው የለም። ስለዚህ አስከሬን ተብሎ ወደተጋደመው ቆዳ ሄደች፤ ጭንቅላቷን ከተተች፣ ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች። አንገቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ መናገርም አቃታት።

«እሷ ናት» አለች እንቁራሪት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ይኸው ዝም አለች።»

«ተነሣችልን» አለ እንሽላሊት፤ ወዲያው ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ጋደም አለ።

ቆዳው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ውጭ ሁሉም ይወዳታል። ትንሽ ብታገሥ ይለመድ ይሆናል ብላ አሰበች። ሳንባዋ ግን አልታገሠም። አንዴ በረጅሙ ስትተነፍስ ቆዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ፤ እንሽላሊትም ንፍሮው ውስጥ ወደቀ።

«ደግማ ሞተች» ተባለ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ።

አያ ኤሊ ወደ በሩ ጠራት። «እኔም አድጌያለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ቤቴ አብሮኝ ስላደገ ማንም ልብ አላለኝም። ከነሱ ጋር መከራከሩ ይቅርብሽ። የሞተችውን ይቅበሩ፤ አንቺን አዲስ ጎረቤት ብዬ ዕድሩ ውስጥ አስገባሻለሁ።»

«ይወዱኛል?»

«እንጃ። ጎርፍ ሲመጣ ግን ይጠሩሻል።»

አያ ኤሊ አዲስ ጎረቤት ናት ብሎ ለለቀስተኛው ነገረላት፤ እሷም ተመልሳ ከእንቁራሪት ጎን ተቀመጠች።

«ሟቿን ታውቂያት ነበር?» አለች እንቁራሪት አፍንጫዋን እየጠረገች።

«በደንብ ነዋ። ቆዳዋ ጠቧት ትንፋሽ ያጥራት ነበር።»

እንቁራሪት ለቅሶዋን አቋረጠች። «ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረን» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

እንግዲህ ያደገ ሰው አልቃሽ አያጣም፤ የሚለቀሰው ግን ለጎረቤት ይመች ለነበረው ለቀድሞው ማንነቱ ነው። ያደገውም ራሱ ለቅሶውን አብሮ ተቀምጦ ይጨርስና እንደ አዲስ ይተዋወቅ። ተረቴ ደከማት፤ እዚህ ላይ ትረፍ።