ወፍ ጠባቂውና የአውጫጩ ወፍ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሚቱ ገብታለች፤ በረቱንም ዝጉት፤ ጆሯችሁን ግን ክፍት ተዉልኝ። በሩ ላይ ያላችሁም ወደ ውስጥ ግቡ፤ ብርዱን ይዛችሁብኝ ቆማችኋል። ተቀመጣችሁ? እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከተከዜ ወዲህ፣ ቁልቋል በር የሚሉት ቆላ አገር ነበረ። ገበያው የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዝናቡ አንዱን ዓመት ይመጣና አንዱን ዓመት ይቀራል። ሰዉ የሚበላው ማሽላ ነው፤ ማሽላ ከሌለ ምንም የለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳን ታውቋታላችሁ? ከድንቢጥ አትበልጥም። ግን ብቻዋን አትመጣም፤ እንደ ደመና ሆና ነው የምትመጣው። ጠዋት ዛላውን አይተህ የሄድህበት ማሳ፣ ማታ አገዳ ብቻ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ስለዚህ በማሳው መካከል ረጅም ማማ ተሠራ። በማማውም ላይ አዛናው የሚባል ሰው ይቀመጥ ነበር። አዛናው የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በክፉ ቀን እናቱ አዝላው ወንዙን ተሻገረች። ጫካ መንጥራ ቁራሽ መሬት አቀናች፣ ጎጆ ቀለሰች፣ ከዚያም ሞተችና እዚያው አገር ተቀበረች። አዛናው ወንድም የለው፣ አጎት የለው። ያለው ያቺ የእናቱ መሬትና አንድ ወንጭፍ ነው። ግን ወንጭፉን ሲያስጮኸው! ሰዉ፦ «አዛናው ማማ ላይ ካለ ግሪሳም ጾሟን ታድራለች» ይል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ የጭቃ ሹም ረታ ሙክት ጠፋ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደሩ አለቃ ነው፤ ግብር የሚያስገባውም፣ ሰው የሚያስጠራውም እሱ ነው። ሙክቱ ለልጁ ሰርግ የተቀለበ ነበር። ላቱ መሬት ይጠርጋል ይሉታል። ረታም ተቆጣና፦ «አውጫጭ ይቀመጥ!» አለ።

አውጫጭን እናንተ አላያችሁም፤ እኔም ከእናቴ ነው የሰማሁት። ነገር ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ሰዉን አንድ በአንድ ከዋርካው ጀርባ ይወስዱታል። ያየ፣ የሰማ፣ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሹክ ያለውን ሰው በስሙ አይጠሩትም፤ «ወፍ» ነው የሚሉት። ወፏ አትታይም። ወፏ አትጠየቅም። ወፏን የነካ ከሌባው እኩል ይቀጣል። ሕጉ ይህ ነው።

ተቀመጡ። አንድ ቀን ዋሉ፣ አደሩ። የያዙት ቆሎ አለቀ።

አንዱ፦ «የረታ ሙክት ሲጮህ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። እንዴት ድምፁ ሳይሰማ ጠፋ?» አለ።

ሌላው፦ «ሰርጉን ሰምቶ ነዋ! ከመታረድ መሰደድ ብሎ» አለው።

ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ግን የሚስቅ ጠፋ። ከመንደሩ በኩል የላም ጩኸት መጣ። ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያለቻት አንዲት ላም ናት። ተነሣችና ወደ ሽማግሌው ወደ አያ ደምለው ሄደች።

«አያ ደምለው፣ የእኔ ላም ናት። ምጥ ይዟታል። ደርሼላት ልመለስ» አለች።

«አንቺን ብለቅ ሁሉም ላም አለኝ ይለኛል። ተቀመጪ፣ እቱ።»

ተቀመጠች። ላሚቱም ትጮሃለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ጀርባ ወጡ። አያ ደምለውም፦ «ወፏ ተናግራለች። ሙክቱን የወሰደው አዛናው ነው» አለ።

አዛናው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዙሪያውን ሲያይ ግን ሌላ የሚስቅ የለም። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን እያራገፈ ለመሄድ ተነሥቷል። ትናንት «ወንድም ዓለም» ሲለው የነበረ ሁሉ፣ ዛሬ ጫማውን ይፈልጋል።

«ወፏን አሳዩኝ» አለ።

«ወፍ አትታይም።»

«እንግዲያስ ምን እንዳየች ንገሩኝ።»

«ወፍ አትጠየቅም። ሕጉን ታውቃለህ» አለው ረታ። «መሬቱ በሙክቴ ፈንታ ለእኔ ይሁን። እሱም ከአገር ይውጣ።»

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት፦ «ማሽላውስ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ረታም ጉሮሮውን ጠረገና፦ «አጨዳው እስኪያልቅ ማማው ላይ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ይሄዳል» አለ።

አያችሁልኝ? ሌባ ነህ ብለው አባረሩት፤ እህላችንን ጠብቅልን ብለው አስቀሩት። አዛናውም ወደ ጎጆው ሄደ። በማግስቱ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ወጣ።

ማማው ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ፣ ግሪሳው መጣ። ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያም ማሳው ላይ ወረደ። አዛናው ወንጭፉን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ሰዉ ከየቤቱ እየጮኸ ወጣ።

«አዛናው! ምነው ተኛህ? ወርውር እንጂ!»

«አልተኛሁም። እያየሁ ነው» አለ ከላይ።

«ምን ታያለህ?»

«የትኛዋ እንደሆነች ነው የማየው። በእኔ ላይ የመሰከረችው ወፍ ከእነዚህ መካከል ትኖራለች። ወፍን የነካ ከሌባው እኩል ይቀጣል ብላችኋል። አንዴ ሌባ ተብያለሁ። ሁለተኛ ምን ልባል?»

አያ ደምለው፦ «አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ አነጋገር ነው! ወፍ ያልነው ወፍ አይደለችም፤ ሰው ናት!» አለ።

«ሰው ናት? እንግዲያስ ስም አላት። ስሟን ንገሩኝና በሌሎቹ ላይ ልወርውር።»

ሽማግሌው ወደ ረታ ዞረ። እውነቱን ነዋ፤ ምን ይበለው?

ረታ ግን፦ «ወንጭፍ ለእሱ ብቻ ተሰጠ እንዴ? አምጡልኝ!» አለና አንዱን ወንጭፍ ነጠቀ። አሽከረከረው፣ ለቀቀው። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የገዛ በቅሎውን ጉልበት አገኘ። በቅሎዋም ልጓሟን በጥሳ ማሳው ውስጥ ገባችና ከግሪሳው ጋር ትበላ ጀመር። ሌሎቹም ወረወሩ። የአንዱ ድንጋይ የሌላውን የውሃ ቅል ሰበረ። ሴቶቹ ጣሳ መቱ፣ እሪ አሉ። ግሪሳው ግን ከወዲህ ይነሣና ወዲያ ያርፋል። ዛላው ይራገፋል።

አዛናው ማማው ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ደስ ብሎት የተቀመጠ መሰላችሁ? ያን ማሽላ ከቡቃያው ጀምሮ የጠበቀው እሱ ነው። የማንም ልጅ በክረምት እንዲራብ አልፈለገም። ግን ወንጭፉን አላነሣም። ዛሬ ካነሣ፣ ከአጨዳው በኋላ ማንም እንደማይሰማው ያውቃል።

የማሳው ሩብ አለቀ። ያን ጊዜ ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ከሰዉ መካከል ወጣች። ከማማውም ሥር ቆመች።

«አዛናው!» አለች። «ወፏ እኔ ነኝ።»

ግሪሳው ብቻ ነው የሚሰማው።

አያ ደምለው፦ «ትርንጎ፣ ምን ነካሽ? ወፍ ራሷን አትገልጥም!» አለ።

«ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው ታዲያ፣ ሕግ?» አለችው። ከዚያም ቀና ብላ አዛናውን አየችው። «ምንም አላየሁም። ላሜ ትጮህ ነበር። አንድ ስም ካልተጠራ ማንም አይሄድም። የሌላውን ብጠራ ወንድሙ ይጣላኛል፣ አጎቱ ይጣላኛል። አንተ ማንም የለህም። የሚከፋው ሰው የለም ብዬ ነው።»

አዛናው ከማማው ጫፍ ቁልቁል አያት። ከዚያም፦

«እኔስ?» አላት።

አንገቷን ደፋች።

አዛናውም ተነሣ። ድንጋይ መረጠ፤ በወንጭፉ ላይ አስቀመጠ።

«ትርንጎ፣ ጎንበስ በይ» አለ።

ሰዉ፦ «ገደላት!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን አልሸሸችም፤ ጎንበስ አለች። ድንጋዩ በራሷ ላይ እያፏጨ አለፈና በግሪሳው መካከል አረፈ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ተከተለ። ወንጭፉ እንደ ነጐድጓድ ጮኸ። ግሪሳውም እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣና ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ማታ አያ ደምለው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከአዛናው ጎጆ ደጃፍ ቆመ። የጥንት ይቅርታ እንዲያ ነበር። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ድንጋያቸውን ተሸክመው ከኋላው ቆሙ።

«ልጄ፣ አጥፍተናል። መሬትህ መሬትህ ነው። ስምህም ስምህ ነው። ማረን» አለ።

አዛናውም ድንጋዩን ዳሰሰና፦ «አያ፣ ይሄ ለወንጭፍ ይከብዳል። አውርዱት» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቁልቋል በር ከዋርካው ጀርባ መሄድ ቀረ። አየሁ የሚል ሰው፣ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ይናገራል። ወሬኛው ሁሉ ከፍታ ይፈራ ጀመር አሉ።

ትርንጎም ላሟ በሰላም ወልዳላት ነበርና፣ በየፋሲካው አንድ ቅል እርጎ ለአዛናው ትወስድለት ነበር። ይቀበላታል፣ ይጠጣል፣ ቅሉን ይመልሳል። ሦስት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰም። በአራተኛው ዓመት፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትርንጎ» አላት። እሷም እስከ ቤቷ እያለቀሰች ሄደች።

ረታስ? ትሉኛላችሁ። ረታ ድንጋይ አልተሸከመም። እንደ ስሙ፣ ረትቻለሁ እንዳለ ሞተ። እንደዚህ ያለም አለ፤ ምን ይደረጋል።

ሙክቱንስ ማን በላው? እሱን አላውቅም። ጅብ ይሁን፣ የራሱ የረታ ቤተኛ ይሁን፣ አላየሁም። ያላየሁትን ደግሞ አልናገርም።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በማሽላ ቂጣ አብሱልኝ። ነገ፦ «ይህችን ተረት ነጋሪ አሮጊት ማን አበላት?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ወፍ ናት አልልም። አንድ በአንድ ስማችሁን ጠርቼ እነግረዋለሁ።