የኋላው በር

አቶ ተድባበ የሚባሉ አንድ ኃላፊ ነበሩ። የመኪና በር ራሳቸው ከፍተው ወርደው አያውቁም። ዘበኛ ይሮጣል፣ ሾፌር ይሮጣል፣ እሳቸው እግራቸውን ብቻ ያወጣሉ።

አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ወደ ወረዳ ሊሄዱ ሲሉ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሸና አንዲት ያረጀች መኪና ከነሾፌሯ ተከራዩላቸው። መኪናዋ አቀበት ላይ ታስላለች፣ ቁልቁለት ላይ ታፏጫለች። የመስኮቶቹ ማውረጃ እጀታ ለአራቱም አንድ ብቻ ስለሆነ ሾፌሩ ኪሱ ውስጥ ይዞታል። የአህያ ጋሪ ቀድሟቸው ሲያልፍማ አቶ ተድባበ ከኋላ ወንበር ሆነው ሾፌሩን መስደብ ጀመሩ፤ እስኪደርሱም አላቆሙም።

የወረዳው ሰዎች አበባ ይዘው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ቆመች።

«ስማ አንተ!» አሉ አቶ ተድባበ። «እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ለእኔ ክብር የሚመጥን አንድ ነገር ካለ ንገረኝ! ከሌለ ተባረሃል፤ በሌላ መኪና እመለሳለሁ!»

«ምንም የለም ጌታዬ» አለና ሾፌሩ ወርዶ በሩን ዘጋ።

አቶ ተድባበ ጠበቁ። የሚከፍትላቸው ሲያጡ በሩን ራሳቸው ጎተቱት፤ እምቢ አለ። ገፉት፤ አሁንም እምቢ አለ። ባለ አበባዎቹ ፈገግ እንዳሉ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ መስታወቱን ይደበድቡ ጀመር።

«ክፈት እንጂ!»

ሾፌሩ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ለካ ለክብርዎ የሚመጥን አንድ ነገር ነበር፤ ረስቼው ነው። ይህ በር እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በር ራሱ እንደማይከፍት ስለሚያውቅ ከውስጥ አይከፈትም። ምን ያደርጋል፣ የሚከፍትልዎትን ሰው አሁን አባረሩት!»