በወኪል የተበላ ዓሣ

ፊታውራሪ አጎናፍር ከጮማ ሌላ ምግብ የለም የሚሉ ሰው ነበሩ። ጮማውም አልከዳቸውም፤ በቅሎ ላይ ለመውጣት አራት ሰው እስኪደግፋቸው፣ ትንሽ ዳገት ሲወጡም እንደ ወናፍ እስኪተነፍሱ አወፈራቸው። ቢጨንቃቸው ከሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አስጠርተው፣ «አንተ በሰማንያ ዓመትህ እንዲህ የምትፈነጨው ምን በልተህ ነው?» አሉት።

«ዓሣ ነው ጌታዬ። ጮማውን ትተው ለሦስት ወር ዓሣ ያዘውትሩ፤ ልብዎም ይበረታል፣ ትንፋሽዎም ይመለሳል።»

ዓሣው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ፊታውራሪ ግን ሽታው ስላስጠላቸው፣ ቆሞ መሄድ የሚያቅተውን አሮጌ አሽከራቸውን ቢሻውን ጠርተው «እኔን ወክለህ ብላ» አሉት። ራሳቸው ወደ ጮማቸው ተመለሱ።

ሦስት ወር ሲሞላ ቢሻው አጥር ይዘል ጀመር፤ ፊታውራሪን በቅሎ ላይ ለማውጣት ግን ስድስት ሰው አስፈለገ። በዚህ ተቆጡና ሽማግሌውን ሰው በተሰበሰበበት አስቀረቡት።

«አንተ ዋሾ! ዓሣህ መቼ ፈወሰኝ? አርባ ጅራፍ ፈርጄብሃለሁ!»

«ለመሆኑ በልተውታል ጌታዬ?»

«በወኪል በልቻለሁ! በእኔ ግዛት ወኪል የሠራው፣ ባለቤቱ እንደ ሠራው ይቆጠራል።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንግዲያው ፍርዱን ተቀብያለሁ። እኔም ወኪል አቁሜያለሁና ጅራፉን ጌታዬ ይቀበሉልኝ። ዓሣ በል ስለሆንኩ የእኔ ጀርባ ስስ ነው፤ እርስዎን ግን ጮማው ይመክትልዎታል።»