ከተራራው ማዶ የሚጠበቀው ሞተር

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝና ስለ አያ ዝንጀሮ ልንገራችሁ።

አያ ዝንጀሮ ከተራራው ማዶ የምትኖረው እናቱ ናፍቃው ሞተር ብስክሌት ገዛ። ሊነሳ ሲል ግን መስተዋቱ አነሰበትና ትልቅ ገጠመ። ቀጥሎ መቀመጫውን በቀይ ቆዳ ለበጠው። ቀዩ ከሰማያዊው የነዳጅ ታንክ ጋር አልስማማ ሲለው ደግሞ ታንኩን እንደገና ቀለም ይቀባ ጀመር።

እመት አህያ ጨው ተጭና ወደ ማዶ ስታልፍ አየችው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ተነስ እንጂ! አብረን እንውጣ» አለችው።

«አንቺ ምን አለብሽ፣ በጭቃ እግርሽ ትሄጃለሽ። እኔ እንዲህ ሆኜ እናቴ ፊት ልቅረብ? ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እመት አህያ ተመለሰች። አያ ዝንጀሮ የጎማውን ሽቦ እየወለወለ ነበር።

«እናቴን አየሻት?» አላት።

«አየኋት። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ‹ልጄ መጣ› እያለች ደጅ ትወጣ ነበር። አሁን ጆሮዋ ደክሟል፤ ሞተር ቢያልፍም አትሰማም።»

አያ ዝንጀሮ ዓይኑ እንባ ሞላ። በክንዱ ጠረገና መፍቻውን አነሳ።

«እንግዲያው ከዚህ የበለጠ የሚጮህ ክላክስ ልግጠም» አለ።

የድሮውን ክላክስ ሲፈታም ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነበር።