የቡርጉ ማማሰያ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ቡርጉው ባረረ ቅዳሜ ነው።

ቡርጉ በአሜሪካ የኬንታኪ ኮረብታዎች ወጥ ነው። የበግ ሥጋ፣ ዶሮና በቆሎ በርሜል በሚያክል የብረት ድስት ይገባና በተራ በተራ ያለ እረፍት ይማሰላል። እጅ ካረፈ ያርራል። ያን ቅዳሜ ኤልዉድ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቆ ገና መመለሱ ነበር። የማረር ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ሮጠ። ድስቱ ዘንድ ሰው የለም። ማማሰያውን ጨበጠ። ሰዉ መጣና ማማሰያውን በእጁ አየ። አለቀ! «ምሁሩ አሳረረው!»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ኤልዉድ ሸበተ፤ ስሙ ግን ያው «ድስት አሳራሪው» ሆኖ ቀረ። በዚያ መንደር ደግሞ ማማሰያ የያዘ ሰው ጥያቄ ከጠየቀ፣ ሳይመለስለት ሳህን አይሞላም። ስለዚህ ኤልዉድ አንዲት ነገር ብቻ ፈለገ፦ ማማሰያውን ላንድ አፍታ መያዝ።

ወደ ድስቱ ባለቤት ሄደ። «እትዬ ኦፓል፣ እባክዎ፣ ማማሰያውን?»

«በቆሎ ሳይገባ ማማሰያ አልሰጥም! ላንተማ!»

በቆሎ ወዳለው ወደ ዱዊ ሄደ። «ዱዊ፣ በቆሎ ፈልፍልልኝ። ያለ በቆሎ እትዬ ኦፓል ማማሰያ አይሰጡም፤ ያለ ማማሰያ ሰው አይመልስልኝም።»

«ደግመህ ልታሳርረው? ድርብርብ ኬክ ሳልበላ በቆሎ አልፈለፍልም!»

ስስ ኬክ እየጋገረች፣ በየመሃሉ የደረቀ ፖም ቅቅል እየቀባች ወደምትደራርበው ወደ ዞላ ሄደ። «ዞላዬ፣ ኬክ ደራርቢልኝ። ያለ ኬክ ዱዊ በቆሎ አይፈለፍልም፤ ያለ በቆሎ እትዬ ኦፓል ማማሰያ አይሰጡም፤ ያለ ማማሰያ ሰው አይመልስልኝም።»

«ውይ፣ የኔ ምሁር! ያለ ጥንቅሽ ማር ኬክ አልደራርብም። ጥንቅሹ ደግሞ አልተጨመቀም፤ መጭመቂያውን የምታዞረው በቅሎ ገግማለች።»

ወደ በቅሎዋ ሄደ። «በቅሎዬ፣ መጭመቂያውን አዙሪልኝ። ያለ ጥንቅሽ ማር ዞላ ኬክ አትደራርብም፤ ያለ ኬክ ዱዊ በቆሎ አይፈለፍልም፤ ያለ በቆሎ እትዬ ኦፓል ማማሰያ አይሰጡም፤ ያለ ማማሰያ ሰው አይመልስልኝም።»

«አልዞርም!» አለች በቅሎዋ። «ጀርባዬን ይበላኛል። ሁሉም ‹ሂጂ› ይለኛል እንጂ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ያለኝ የለም። እከክልኝ፣ ልዙርልህ።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለና ኤልዉድ እጅጌውን ሰበሰበ። አከከላት።

በቅሎዋ ዞረች፤ ጥንቅሹ ተጨመቀ፤ ጭማቂው ፈልቶ ማር ሆነ፤ ዞላ ኬኩን ደራረበች፤ ዱዊ በላ፣ ጢሙን ላሰ፣ በቆሎውን ፈለፈለ፤ በቆሎው ድስት ገባ፤ እትዬ ኦፓልም እያጉረመረሙ ማማሰያውን ሰጡ።

ኤልዉድ አንድ ዙር አማሰለ። መንደሩ ሳህን ሳህኑን ይዞ ምራቁን ይውጣል።

«ኧረ ቅዳልን፣ ሰውዬ!» አለ ዱዊ።

«እቀዳለሁ» አለ ኤልዉድ ማማሰሉን ሳይተው። «መጀመሪያ ግን ልጠይቅ። እኔ ስደርስ ድስቱ ዘንድ ሰው አልነበረም። ያን ቅዳሜ ተረኛው ማን ነበር? ማማሰያውን ጥሎ የሄደው ማን ነው? በሉ፣ መልሱልኝ!»