ከስግደት ያልተነሣችው ሴት

ምእመናን፣ አንዲት ሴት ነበረች። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ለማንም አልተናገረችም። ለምን? ፈርታ! ሐኪም ቤት ከሄድኩ ጉልበቴን ይቀድዱኛል፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ አልቆምም ብላ ፈርታ። ለቅሶ ሲጠሯት «ጉንፋን ይዞኛል»፣ ሠርግ ሲጠሯት «ጉንፋን ይዞኛል»። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን! ቁጭ ብላ ዋለች፤ ቁጭ ባለች ቁጥር ባሰባት።

የስቅለት ዕለት ግን እንዴት ይቀራል? ሄደች። ከሕዝቡ ጋር ሰገደች። ሕዝቡ ተነሣ፤ እሷ አልተነሣችም። ጉልበቷ እምቢ ብሏት በግንባሯ እንደ ተደፋች ቀረች።

ሰው ምን ያለ ይመስላችኋል? ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት፣ «አቤት መንፈሳዊነት! ተመስጣ እኮ ነው፤ እንዳትነኳት» አለች። ሰዉም ራቅ ራቅ አለላት። እሷ ከነጠላዋ ሥር ሆና «እዚሁ ልሞት ነው» ትል ነበር። ልጇ ምንትዋብ ሲቃዋን ሰምታ ባታነሣት ኖሮ ማን ያነሣት ነበር?

ከበዓሉ በኋላ ልጅቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ራጁን አየች።

«መቼ ነው የምትቀድዱኝ?» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ማን ቢላዋ አነሣ፣ እናቴ? በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ አጥንት ተበልቷል፤ የተበላው አይመለስም። ሕመሙ ግን ይቀንሳል። መጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን እየዘረጉ ያንሡ። ክብደትዎን ይቀንሱ። ሲያምዎ ሙቅ ጨርቅ፣ እኔ የማዝልዎ ቅባት፣ ሲራመዱ ምርኩዝ። ካልተሻለዎ መርፌ አለ። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ እርስዎ ገና አልደረሱበትም። ግን ለምን ቆዩ? ፈርተው ሲቀመጡ እኮ ጡንቻዎ ሰለለ።»

ሰማችሁ? የፈራችው ቢላዋ አልነካትም። ፍርሃቷ ግን ጎድቷታል።

እናንተስ? ኀጢአታችሁን ደብቃችሁ ከንስሐ አባታችሁ የምትሸሹ፣ ምን ፈርታችሁ ነው? «ቀኖናው ይከብደኛል፣ ፊት ይነሡኛል» ብላችሁ? ካህኑን ገበያ ላይ ስታዩ በሌላ መንገድ የምትዞሩ የላችሁም? አሁን እፊቴ አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ ሰው «ምን ያለ ጨዋ ነው» የሚላችሁ፣ ውስጣችሁ ግን «ማን ይድረስልኝ» እያለ የሚጮኽ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

እውነቴን ነው፣ ፈራሁላችሁ። ሰው እያመሰገነው የሚሞት አለና ፈራሁላችሁ።

ካህናቱ ከጉባኤው በኋላ እዚያ ጥግ ይቀመጣሉ። ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ ላይለቃችሁ ይችላል። ፈርታችሁም ቢሆን ሂዱ።