የይርገዱ ድርሻ

ዱሮ ነው አሉ፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ጡት ሳይጥሉ። ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች አንዲት መንደር ይርገዱ የምትባል ደሃ ሴት ነበረች። ሥራዋ ለቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ለአለቃ ተድላ የቀለም ድንጋይ መፍጨት ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

አንድ ክረምት የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ብርሌ ከሩቅ ነጋዴ የቻይና ሥዕል በስጦታ አገኙ። ጥቅል ወረቀት ነው። ሲዘረጋ ከላይ የተራራ ጫፍ፣ ከታች ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ሸክም ያዘለ ጉንዳን የሚያህል ሰው። መካከሉ ባዶ! ቀለሙም ጥቁር ብቻ! የእኛ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሥዕል ላይ ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ሠዓሊው ሳይጨርሰው ሞቶ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «አለቃ፣ ለመስቀል ጨርሱት።»

አለቃ ተድላ ይርገዱን ሰማያዊ ፍጪ አሏት። ይርገዱ ሥዕሉን አየችው። ቆማ አየችው፤ ተቀምጣ አየችው።

«የኔታ፣ ነጩ እኮ ጉም ነው» አለች።

«ወይ ጉድ! ፈጪዋ ሠዓሊ ሆነች!» ብለው ሳቁባት።

በማግስቱ ቀይ ፍጪ አሏት። ይርገዱ አሁንም አየችው። ቆማ አየችው፤ ተቀምጣ አየችው።

«ሰውዬው በጉሙ ውስጥ አልፎ ተራራውን ሊወጣ ነው። ብትቀቡት መንገዱን ትዘጉበታላችሁ። እኔ አልፈጭም» አለች።

አባረሯት። አይ ይርገዱ! ጎረቤት ባያጎርሳት ጦሟን ታድር ነበር። እሷን ያንገበገባት ግን የሥዕሉ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፊታውራሪ እግር ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ አፋፉ ድረስ ይውጡልኝ።»

ወጡላት። ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል። የማዶው ተራራ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ እግር የለውም።

«ይሄንንስ ማን ሳይጨርሰው ሞተ፣ ጌታዬ?» አለች ይርገዱ።

ፊታውራሪ አማተቡ። ከዚያ ወርደው ሥዕሉን ማንም እንዳይነካው አዘዙ።

አለቃ ተድላ አፈሩ፤ ግን ደግ ሰው ነበሩ። ራሳቸው ቤቷ ሄደው «ልጄ፣ ሳይገባኝ ሳቅሁብሽ፣ ይቅር በዪኝ» ብለው ወደ ሥራዋ መለሷት። በዓመቱ የመቅደሱን ግድግዳ ሲስሉ ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀቡ ነጩን ተዉ።

የዚያች መንደር ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ እንዲያ ያደርጋሉ። እንግዳ መጥቶ «ምነው፣ ቀለም አለቀባችሁ?» ቢላቸው አይቆጡም።

«አላለቀብንም፤ የይርገዱ ድርሻ ነው። አረፍ በልና እየው» ይሉታል።